የአማትና የምራት ዋኒሺ

ለሲሳዬ፣

እንደምን አለህልኝ ልልህ አሰብኩና ተውኩት፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠይቄህ አንድ ቀን አልመለስክልኝም። እኛ ግን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ለማልቀስ አይደለም። ባለፈው ሳምንት የሆነ አንድ ወሬ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኝ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል፣ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ቶሎ ግን አልነግርህም። አንተም በሕይወትህ አንድ ነገር ቶሎ ነግረኸኝ አታውቅም፤ እስቲ ዛሬ ደግሞ አንተ ታገስ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሰቆጣ አድጋለች። መብራት ድሮ ሲመጣ እልል እንል ነበር፣ አሁን ሲጠፋ እንቆጣለን። ስልክ በኪስ የሚያዝ ሆኗል፤ የማክሰኞ ገበያ ላይ ማር ሻጩ በአንድ እጁ ቅሉን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ ሲጮህ ብታየው እንዴት እንደምትስቅ። እኔም ከጽሕፈት መኪናዬ ጋር ተለያየሁ። መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሰጥቶኛል፣ አሮጌና ሰነፍ ነው፣ እሱን ስጠብቅ ፀጉሬ ሸበተ። በስተጓሮ በኩል ያለው የድንጋይ ካብ ባለፈው ክረምት ተንዶ ነበር፣ አስጠገንኩት። ስትለየን አምስት ዓመቷ የነበረችው ልጅህ ፍሬሕይወት አሥራ ሁለት ሞላት። ቁመቷ ያንተ ነው። ግትርነቷም ያንተ ነው፣ እኔ ላይ እንዳታላክክ። እናትህም ከእኛው ጋር ናቸው። አዎ፣ ከፃግብጂ ንቅንቅ አልልም ያሉት እናትህ! እንዴት እንደመጡ የምነግርህ ግን ጥፋትህን ካወራሁ በኋላ ነው።

ጥፋትህን ታውቀዋለህ። እኔ ከወልድያ የመጣሁ ታይፒስት ነበርኩ፣ ከእናንተ ቋንቋ ከኽምጣና አንዲት ቃል አላውቅም። እናትህ ደግሞ ከእግዚአብሔር ይመስገን በቀር አማርኛ አያውቁም። በተጋባን በወሩ ከፃግብጂ አንድ ቀን ሙሉ በእግራቸው መጥተው፣ ማር በቅል አምጥተው እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ፣ በናትህ ሲሳይ፣ ምን ብዬ ላመስግናቸው ብዬ በጆሮህ ጠየቅኩህ። ጢምህን አከክ አከክ አደረግህና ዋኒሺ በያቸው አልከኝ። ምራት ለአማቷ ብቻ የምትለው የክብር ቃል ነው፣ መንገድ ላይ እንዳትይው፣ ነውር ነው ብለህም አስጠነቀቅከኝ። እኔም ሁለት እጄን አጣምሬ፣ ዝቅ ብዬ፣ ዋኒሺ አልኳቸው። እናትህ ትንሽ ደንገጥ አሉና እሳቸውም ዝቅ ብለው ዋኒሺ ብለው መለሱልኝ። የተሰማኝን ደስታ እንዴት ልንገርህ! በመጀመሪያው ቀን በቋንቋችሁ በዋናው በር የገባሁ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ዓመት ዋኒሺ በዋኒሺ ነበር። ነጠላ ስገዛላቸው ዋኒሺ፣ ፍሬን ስወልድ መጥተው ሲያርሱኝ ዋኒሺ፣ ውሃ ሳቀብላቸው ዋኒሺ። አንተ ቤት ከሌለህ ሌላ የጋራ ቃል ስለሌለን፣ እሷኑ እያወጣን እያገባን ስንለዋወጥ እንውል ነበር። አንተ ታዲያ እኛ ዋኒሺ በተባባልን ቁጥር ብድግ ብለህ አፍህን ይዘህ ወደ ጓሮ ትወጣለህ። እኔ ሞኟ ሳል የያዘህ መስሎኝ ተልባ አፈላልህ ነበር።

ያን መጽሐፍህንስ ረሳኸው? እኔ እንደሆነ አንተን ሳገባ እሱንም አብሬ ነው ያገባሁት። ለምታስተምርበት ትምህርት ቤት በእርዳታ ከመጣ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ካርቶን ውስጥ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ ማንም ሳይፈልገው የቀረውን አንስተህ፣ መዝገበ ቃላት አጠገብህ አድርገህ አንድ ክረምት ሙሉ ያነበብከውን። ሌናፔ ስለሚባል ሕዝብ ነበር የሚያወራው። ዛሬ ኒውዮርክ የቆመችበት መሬት የእነሱ ማሳና የእነሱ ዓሣ ማጥመጃ ነበር ስትለኝ አላመንኩህም። ራሳቸውን ሌናፔ ይላሉ፣ እውነተኛው ሰው እንደማለት ነው፤ ሌላው ሰው ግን በአንድ የእንግሊዝ ሹም ስም ደላዌር ይላቸዋል፤ እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል፣ እያልክ ጎረቤት እንደነኩብህ ትበሳጭ ነበር። ውል እየተፈረመ፣ ውሉ እየፈረሰ፣ ከወንዝ ወደ ወንዝ ወደ ምዕራብ ሲገፉ ኖሩ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ገብተው በቋንቋቸው ሲናገሩ ተቀጡ። መጽሐፉ ሲጻፍ ቋንቋውን አጥርተው የሚናገሩት ጥቂት አረጋውያን ብቻ ነበሩ። እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ዝም ትላለህ። በልጅነትህ በኽምጣና መልስ ሰጥተህ ክፍሉ ሁሉ እንደሳቀብህ የነገርከኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እኔ ግን ዝም ባልክ ቁጥር እሱን ነበር የማስበው።

ዝምታህ ደግሞ ብዙ አይቆይም፣ ይመስገነው። ሌናፔዎች በቆሎ፣ አደንጓሬና ዱባ አንድ ላይ ይተክላሉ፣ በቆሎው ለአደንጓሬው ምርኩዝ ይሆነዋል፣ ዱባው መሬቱን ያለብሳል ብለህ ጓሮውን ገለበጥከው። ሰፈሩ መምህር ሲሳይ ለየለት አለ። በመስከረም ዱባው ካቡን ዘሎ ከጎረቤታችን ከሙሉ ግቢ ገብቶ ሲያፈራ ግን ያላበሰለው ቤት አልነበረም። ተረት የሚነግሩት በብርድ ወራት ብቻ ነው ብለህም፣ ምድር በኤሊ ጀርባ ላይ የበቀለችበትን ታሪክ ፍሬ ስትለምንህ ከርማ እስከ ኅዳር ከለከልካት። ልጅቷ ጋቢ ለብሳ እየተንቀጠቀጠች፣ አባ፣ ይኸው በረደኝ፣ አሁን ንገረኝ ስትልህ ምን ያህል እንደሳቅን!

ከዚያ ሁሉ ወሬህ ውስጥ አንዱ ግን እኔን ያዘኝ። ሌናፔ ዘንድ ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ወገን ነው፤ እናቷ የኤሊ ወገን ከሆነች ልጅቷም ኤሊ ናት አልክ። በቀልድ ነበር የጀመርከው። በእነሱ ሕግ ፍሬ የምትወርሰው ካንቺ ነው ስትለኝ፣ ምን አለኝና፣ አንድ የጽሕፈት መኪናና የወልድያ አማርኛ ብዬ ሳቅኩብህ። ለምታዘጋጀው የኽምጣና መዝገበ ቃላት ቃል ልሰብስብ ብለህ አበርገሌ ቆላ ወርደህ፣ ወባ ይዞህ ስትመለስ ግን ቀልድ አልነበረም። ያልተነሳህበት አልጋ ላይ ሆነህ እጄን ይዘህ፣ አስኩ፣ ኽምጣና በዚህ ቤት ከእኔ ጋር እንዳይቀበር፣ ልጄ ካንቺ ትውሰደው አልከኝ። አንተ ሰው፣ ከማላውቀው ነገር ምን ልሰጣት? ግን እሺ አልኩህ። የማይሆን እሺ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በሙት ዓመትህ እናትህ መጡ። ፍሬን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በኽምጣና አንድ ነገር ጠየቋት። የተባለውን ሰምታለች፣ ገብቷታል፣ የመለሰችው ግን በአማርኛ ነው። እናትህ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። እሺ ያልኩህ ነገር ዓይኔ እያየ ሲሞት አየሁት። በማግስቱ ጨርቄን ማቄን ሳልል የቃል መሰብሰቢያ ደብተርህን አወጣሁና እንደ ተማሪ ከአንደኛው ገጽ ጀመርኩ።

መጨረሻው ገጽ ላይ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ከሌናፔ መጽሐፍ የተቀዱ ቃላት፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈትህ። ከነዚያ መካከል፣ ዋኒሺ፣ ምስጋና! ወይ ጉድ! ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሞትክ ጊዜ እንኳ እንደዚያ አልተናደድኩብህም። ደብተሩን ይዤ ወደ እናትህ ሮጥኩ። እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቀውን ጎረቤታችንን ሙሉን ጠራኋትና፣ እስቲ ጠይቂልኝ፣ ዋኒሺ የምን አገር ቋንቋ ነው አልኳት። እናትህ ግር ብሏቸው ያዩኝ ጀመር። የእናንተ የወልድያ አማርኛ ነዋ አሉ። ምራት ለአማቷ ዋኒሺ ስትል አማትም ያንኑ ትመልሳለች፣ ዝም ካልሽ እንደ ናቅሻት ትቆጥረዋለች ብሎ ልጄ ነግሮኛል አሉ። ለእኔ ያንተን፣ ለሳቸው የእኔን! ስድስት ዓመት ሙሉ አንዳችን የሌላችንን ቋንቋ እናከብራለን ብለን፣ ባሕር ማዶ ያለ የማናውቀውን ሕዝብ ስናመሰግን ኖረናል።

መጀመሪያ የሳቁት እናትህ ናቸው። እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ እኔ፤ ከዚያ ነገሩ ያልገባት ሙሉ። ጥቁር እንደለበስን፣ ተያይዘን፣ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ጎረቤት ደግሞ ሌላ መርዶ የመጣ መስሎት እየሮጠ መጣ። እናትህ ሰማዩን ቀና ብለው እያዩ ረገሙህ፤ ሙሉም እርግማኑን አልተረጎመችልኝም፣ የእናት እርግማን ስለሆነ ምንም አያደርስብህም። ቀጥለው አንድ ነገር አሉ። ልጄ ያሞኘን እኛ ስላልተነጋገርን ነው፣ እንግዲህ ይቺን ሴት ሳላስተምር አልሄድም። አልሄዱም። ይኸው ስድስተኛ ዓመታቸው።

ሕጋቸው አንድ ነው፤ ከእኛ የለመዷትን አማርኛ እንኳ እስከ ምሳ ሰዓት አይሰሟትም። ጨው አቀብሉኝ ብል ጨው የለም፣ ወጡ አልጫ ይቀራል። ያ ከአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ፣ አንተ የአማርኛ ፊደል የለውም ብለህ ገ ላይ ምልክት ጨምረህ ጘ ብለህ የምትጽፈው፣ ፍዳዬን አሳየኝ። አንድ ጠዋት እሱን ስለማመድ ቆይቼ ዘወር ስል፣ እናትህ ዳማከሴ ጨምቀው በስኒ ይዘውልኝ ቆመዋል። ጉንፋን የያዘኝ መስሏቸው! ጠጣሁታ፣ ምን ላድርግ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው እያልኩ ተስፋ የቆረጥኩበት ቀን ብዙ ነው። ቀስ በቀስ ግን ከእሳቸው ጋር መነጋገር፣ ከዚያ መጨዋወት፣ ከዚያ መጨቃጨቅ ቻልን።

ጭንቀቴ ፍሬ ነበረች። ሁሉም ይገባታል። እስከ ምሳ ድረስ እንደ ቤት ሥራ በኽምጣና ትመልሳለች፣ ከዚያ ወዲያ አማርኛ ነው። ነሐሴ ላይ ሻደይ ስትጫወት፣ ቅጠሉን ወገቧ ላይ አስራ በኽምጣና ስትዘፍን ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔ አጨበጨብኩና ቤቴ ገብቼ ተከዝኩ። ዘፈን ይሸመደዳል። አንተ የጠየቅከኝ የሚሸመደድ ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ወሬው። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ወላጅ ይምጣ ተባልኩ። ልቤ ተንጠልጥሎ ሄድኩ። ፍሬ ጥግ ቆማ መሬት መሬት ታያለች፣ አጠገቧ አንድ ልጅ አኩርፏል። መምህሩ ከደሴ በቅርቡ የመጣ ወጣት ነው። ክፍል የመጥረግ ተራው ሆኖ ልጁ አልጠርግም ሲል ፍሬ እንደሰደበችው፣ ስድቡ በኽምጣና ስለሆነ ግን እሱ እንዳልገባው ነገረኝና፣ የሚተረጉም ሰው እስክጠራ ትንሽ ይጠብቁ አለኝ። ፍሬን ምን አልሽው አልኳት። ያለችውን ደገመችው። ድምፁ ከአፍንጫዋ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ቁጣዋም አልበረደም ነበር። ቀንበር ሲያይ የሚተኛ በሬ ብላዋለች።

ሲሳዬ፣ አስተርጓሚ አልፈለግኩም። ቃሉ ጆሮዬ ሳይደርስ ሆዴ ገባ። በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ እንደምንም ኮስተር አልኩና፣ ይህን የመሰለ ስድብ ከየት ተማርሽ፣ ከአያትሽ ነው አይደል አልኳት። አይደለም አለች። ከአንቺ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲዘገይብሽ ሁልጊዜ የምትይው አይደል አለችኝ። እዚያው፣ መምህሩ ፊት፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ምስኪኑ መምህር ስድቡ ከባድ መስሎት ደነገጠና፣ ግድ የለም፣ የልጅ ነገር ነው እያለ ያባብለኝ ጀመር።

ፍሬ ልጁን ይቅርታ ጠይቃዋለች፣ ክፍሉንም አብረው ጠርገዋል። እኔም አልቀጣኋትም፣ ይህን በአንተ ፊት አምናለሁ። ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ ልጄ ተሳደበች እያልኩ በኩራት ሳወራ ሰነበትኩ።

አንተን የማስብህ በየዓመቱ በሙት ዓመትህ ቀን ብቻ አይደለም፣ ማሰቤንም በዚህ ደብዳቤ አላቆምም። ቃልህን በአፌ ይዤው እኖራለሁ፤ እኔ ስደክም ከልጅህ አፍ እሰማዋለሁ፤ እሷ ደግሞ ከእናቷ እንዳገኘችው ለልጆቿ ትንገራቸው።

ያንተው አስካለ
ሰቆጣ