አስፋልት ላይ እንድኖር ለፈረዱልኝ ዳኛ

ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለክቡር ኦቦ ሌንጂሳ አዱኛ፣
ስሟን ለክብሯ ስል የማልጠራት ቀበሌያችን የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ዳኛ፣
አምቦ

ክቡርነትዎ ሆይ፣ አካም ጂርቱ? ነጋ? ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? በተለይ ባለፈው ችሎት ሲያንገላታዎት የነበረው ጉንፋን ለቀቀዎት ወይ? «ተወስኗል» ሊሉ ሲሉ ሦስት ጊዜ አስነጥሶዎት ቃሉን አራት ጊዜ ስለጀመሩት፣ አራት ጊዜ የተፈረደብኝ መስሎኝ ነበር። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የት ሆኜ ደህና እንደሆንኩ ግን አይጠይቁኝ፤ በክቡርነትዎ ውሳኔ መሠረት የትም አይደለሁምና።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ በመናኸሪያውና በገበያው አጥር ላይም የምለጥፈው፣ መዝገብ ቤትዎ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የጻፈውን ማመልከቻ አንቀበልም ስላለኝ ነው። ስለዚህም ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ፤ በስልሳ አንድ ዓመቴ በእርስዎ ምክንያት ጸሐፊ ሆንኩ።

ለማያውቀኝ አንባቢ ሥዩም ቦጂያ እባላለሁ፤ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ፣ አሁን ጡረተኛ ነኝ። በዚህች ቀበሌ፣ በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። የአምቦን ልጅ ግማሹን አባይ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ያስተማርኩ ሰው፣ ዛሬ እኔ ራሴ የት እንደምገባ የሚነግረኝ አጥቼ ከቢሮ ቢሮ እንከራተታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በፍቅር ነው። ባለቤቴ ብርቅነሽ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አምና ጊንጪ ገበያ ገብስ ልሸምት ወርጄ ከነጋዴዋ ከወይዘሮ ጋዲሴ ጋር ተዋወቅሁ፤ እሷም እንደ እኔ የትዳር ጓደኛዋን ያጣች፣ ሚዛን የማታጭበረብር፣ ስትስቅ መጋዘኑን የምታነቃንቅ ሴት ናት። ጥር 26 ልንጋባ፣ እኔም ጊንጪ እሷ ቤት ልገባ ተስማማን። ሕግ አክባሪ በመሆኔም (ይህ ጥፋቴ ተመዝግቦ ይያዝልኝ) ቀበሌዬ ሄጄ መሸኛ ጠየቅሁ። መሸኛ ማለት አንዱ ቀበሌ ነዋሪውን ለሌላው ቀበሌ «ተቀበሉልኝ» ብሎ የሚልክበት ወረቀት ነው። የነዋሪዎች ጉዳይ ሠራተኛዋ አያንቱ በአሥር ደቂቃ ጽፋ፣ ክብ ማኅተም አሳርፋ፣ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በተመላለስኩበት ቢሮ በአሥር ደቂቃ ተስተናግጄ አላውቅም ነበርና ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

ታኅሣሥ 17 ቀን ዕቃዬን በአይሱዙ ጭኜ ጊንጪ ደረስኩ። ሁሉም ዕቃ ወረደ፣ ሁሉም ገባ፤ አልጋዬ ግን በጋዲሴ በር አልገባም ብሎ በአራት ጣት ቀረ። የዋንዛ አልጋ ነው፤ ብርቅነሽና እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ተኝተንበታል። ጋዲሴ አልጋው ይቆረጥ አለች፣ እኔ በሩ ይስፋ አልኩ። ጉድ ሲፈላ ከአዲስ አበባ የመጣ አውቶቡስ ለሻይ ቆሞ ነበርና ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ከበበን፤ እኩሌታው ለአልጋው፣ እኩሌታው ለበሩ ወገነ፤ አንዲት ሴትዮ ማንም ሳይለምናቸው በመቀነታቸው ሁለቱንም ለክተው በአምስት ጣት ነው ብለው ተከራከሩ። እኔም በንዴት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የጋዲሴን በር የዶሮ ቤት በር አልኩት። እኔ፣ አልጋውና የቀረው ዕቃ በዚያው አይሱዙ፣ በዚያው ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አምቦ ተመለስን። መሸኛው ከኮቴ ኪስ እንኳ አልወጣም ነበር።

ከዚህ በታች ያሉት ቅሬታዎቼ በቁጥር የቀረቡት ጽሕፈት ቤቱ ቁጥር ስለሚወድ ነው።

1ኛ፦ በማግሥቱ መሸኛውን ይዤ ቀበሌ ሄድኩና «አልሄድኩም፣ ወረቀታችሁን ተቀበሉኝ» አልኩ። አያንቱ ፋይሌ መዘጋቱን፣ በመሸኛ የሄደ ሰው የሚመለሰው በመሸኛ ብቻ መሆኑን፣ ስለዚህ ከጊንጪ መሸኛ ማምጣት እንዳለብኝ በትሕትና አስረዳችኝ። ጊንጪ ወረድኩ። እዚያ ያለው ቢሮም ያልተቀበልነውን ሰው ልንሸኝ አንችልም፣ መጀመሪያ መመዝገብ አለብዎት፣ ለመመዝገብ ደግሞ የሚኖሩበት ቤት ባለቤት ትፈርምልዎ አለኝ። የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነች ክቡርነትዎ አይስቱትም። የአምቦ ነዋሪነቴ ጊንጪ ባለች፣ በሯን የዶሮ ቤት በር ባልኳት ሴት ፊርማ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

2ኛ፦ ጨንቆኝ ወደ ችሎትዎ መጣሁ። እርስዎም ጥር 9 ቀን፣ ከማስነጠስዎ መልስ፣ አመልካች በመሸኛ ስለለቀቁ የቀበሌው ነዋሪ አይደሉም፤ ነዋሪ ያልሆነ ሰው በዚህ ፍርድ ቤት ሊከራከር አይችልም፤ ስለዚህ አመልካች በሰባት ቀን ውስጥ የሚኖሩበትን ቤት አስረክበው ወደተሸኙበት ይሂዱ ሲሉ ወሰኑ። ክቡርነትዎ፣ ሠላሳ ዓመት የፈተና ወረቀት አርሜያለሁ። አባይን ቀይ ባሕር ውስጥ የከተተ ተማሪ ገጥሞኛል፤ በአንድ መልስ ላይ ሁለት ባሕር ውስጥ የከተተው ግን አልገጠመኝም። እርስዎ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እዚህ አልኖርም ብለው በሦስተኛው ከምኖርበት ቤት ያስወጡኛል። መከራከር አትችልም ብለውም ተከራክረህ ተረትተሃል ይሉኛል። እሰይ! እንዲህ ያለ ፍርድ ለመስማት መቀመጫ አጥቼ መቆሜ አላስቆጨኝም።

3ኛ፦ ይህ ውሳኔ በጽሑፍ ሲደርሰኝ የቀበሌው መልእክተኛ መንገድ ሳይጠይቅ፣ ሳይሳሳት፣ ቀጥ ብሎ በሬን አንኳኳ። በከተራ ዕለት ሊነጋጋ ሲል ለጽዳት ዘመቻ ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ ቦይ ጠረግሁ። ከዚያ በፊት በነበረው የነዋሪዎች ስብሰባ ባለመገኘቴም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። አካፋ ሲያዝ ነዋሪ፣ መታወቂያ ሲጠየቅ እንግዳ እንድሆን ስለተደረገልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

እንደ ሕግ አክባሪነቴ ግን ውሳኔዎን ለመፈጸም ሞክሬያለሁ። አምቦ ከለቀቅሁ፣ ጊንጪም ካልገባሁ፣ መኖሪያዬ በመካከል ነው ብዬ ርቀቱን ለሁለት አካፍዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ ግማሽ ላይ ስንደርስም ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ። ቦታው ነፋሻ ነው። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ጥቂት ባሕር ዛፍ፣ አስፋልቱ ዳር የተኛች አንዲት አህያም አሉ። ቀድማኝ የሰፈረች ስለመሰለችኝ እጅ ነስቼ ሩብ ሰዓት ያህል አብሬያት ተቀመጥኩ፤ መሸኛ ይኑራት አይኑራት አልጠየቅኋትም።

እስካሁን የቀለድኩ ከመሰለዎት፣ አዎን፣ ቀልጃለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ልቤን ያቆሰለው ነው። በጥምቀት ዕለት ጊንጪ ሄጄ ጋዲሴን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ በሯ የሰው በር፣ ያውም ያማረ በር መሆኑን ጎረቤት እየሰማ ተናገርኩ። እሷም ነገሩ መጀመሪያውኑ የበር ነገር እንዳልነበረ፣ ሌላ ሴት ዕድሜዋን በኖረችበት አልጋ ላይ መተኛት እንደከበዳት፣ ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ስላሳፈራት በበሩ እንዳመካኘች ነገረችኝ። እኔ ጅሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሜትር ስለካ ነበር። አልጋውን በነጋታው ለእህቴ ልጅ ሰጠሁ፤ ሲወጣ አለቀስኩ፣ ግን ሰጠሁ።

ጋዲሴ የእርስዎን ውሳኔ ስትሰማ ደግሞ በአልጋው ከተቆጣችው በላይ ተቆጣች። ጊንጪ ፈርማ ልታስገባኝ ትችል ነበር፤ ነገር ግን በፍቅር ከቤቱ የሚወጣና እንደ ሌባ ተባርሮ የሚወጣ ሰው አንድ አይደሉም፣ ባሌን ማንም ከቤቱ አያባርረውም፣ አንተ ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ አለች። ትናንት ሰኞ ጠዋት ከጊንጪ መሸኛዋን አስወጥታ፣ መጋዘኗን ለወንድሟ አስረክባ፣ እኩለ ቀን ላይ አያንቱ ፊት ቆመች። አያንቱም ወረቀቱን አገላብጣ አይታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ተቀባይዋ የቀበሌው ነዋሪ መሆን እንዳለበት፣ እኔ ደግሞ እንዳልሆንኩ ነገረቻት። ጊንጪ ስንደውል የጋዲሴ ፋይል ተዘግቷል። እግዜር ያሳይዎ፣ ኦቦ ሌንጂሳ፤ አንድ ሰው አገር አልባ ያደረገው ውሳኔዎ በአምስት ቀን ውስጥ ወልዶ ሁለት ሆነ።

አሁን ቀበሌ የሌላቸው ሙሽሮች ነን። መታወቂያ ስለሌለን ጋብቻችንን የሚመዘግብልን የለም፤ ሐሙስ ጥር 16 ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ደግሞ ቤቴ ይታሸጋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው። ጓሮው ያለውን ግራር የተከልኩት እኔ ነኝ። ጋዲሴ ከትናንት ጀምሮ ዕቃዋን ሳትፈታ፣ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ በሩን በሩን ታያለች፤ ሰው ሲያንኳኳ እጄን ትይዛለች። ያቺ መጋዘን የምታነቃንቅ ሴት ስትፈራ ማየት፣ ክቡርነትዎ፣ ለእኔ ከመባረሩ ይብሳል። አሳፍረውኛል፤ ይህን ያለ ምንም ቀልድ እነግርዎታለሁ።

ስለሆነም ውሳኔዎ እንዲነሳልኝ፣ ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ጥር 26 እሑድ አስፋልቱ ዳር በምናደርገው ሠርግ ላይ እንዲገኙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዳሱን የምንጥለው ድንጋዩ አጠገብ ነው፤ ከሁለቱም አቅጣጫ የሚያልፉ መኪኖች ጥሩምባ ስለሚነፉልን ሙዚቀኛ አልቀጠርንም። ጤናዎን ይስጥዎት፣ ወንበርዎን ያጽናልዎት፣ ለሌላውም ሰው እንደ እኔ የሚፈርዱበት ረጅም ዕድሜ ያድልዎት እያልኩ፣ ለውሳኔዎ ጥልቀት፣ ለማኅተምዎ ክብነትና ለጉንፋንዎ መዳን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የቀድሞ ነዋሪዎ፣ የአሁኑ መንገደኛ፣
ሥዩም ቦጂያ (ጡረተኛ መምህር)

ማስታወሻ፦ ትናንት ከአያንቱ ቢሮ ስንወጣ፣ እኛን ለማሳፈር በፊርማዎ ያስለጠፉትን «በመሸኛ ለቀው ያልተመለሱ ግለሰቦች ስም ዝርዝር» ከጋዲሴ ጋር ቆመን አነበብን። እኔ ተራ ቁጥር 14 ላይ ነኝ። ተራ ቁጥር 9 ላይ ግን «ሌንጂሳ አዱኛ፣ በ2008 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ሸነን የተሸኙ፣ የመመለሻ መሸኛ ያላቀረቡ» የሚል ይነበባል። የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ የሚመረጠው ከቀበሌው ነዋሪዎች መካከል ነው ሲባል ስለምሰማ፣ ማን እንደፈረደብኝ ለማወቅ ተቸግሬያለሁ። ለማንኛውም ያ አይሱዙ ሸነን ድረስ ይሄድ እንደሆነ ሾፌሩን ጠይቄልዎታለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት ባዶ ነኝ ብሏል።