የሚደማውን አትንኪው

ማክሰኞ፣ ጥር 9 ቀን

ለአንዲት ልጄ፣ ለግትሯ፤

እንዴት ከርመሻል? እኔ አለሁ። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። የጎረቤቷ ልጅ "ልጻፍልዎት" ብትለኝ፣ "ፊደል የቆጠርሽው አንቺ ብቻ ነሽ?" ብዬ መለስኳት። ጽሕፈቴ ከተንጋደደብሽ አንገትሽን አጋድለሽ አንብቢው።

ተናድጃለሁ። ከወር በፊት የአናጢውን ጫማ ስሰፋ፣ እንደ ልማዴ ክሩን በፊት ጥርሴ ነክሼ ሳጠብቅ፣ ጥርሴ ከነክሩ ወጣ። ተንጠልጥሎ! አናጢው "ጋሼ ጉጠት፣ ጥርሱንም አብረው ሊሰፉልኝ ነው?" ብሎ ሳቀ። ጫማውን ሳልጨርስ ወረወርኩለት። አርባ ዓመት በጥርሴ ቆዳ ወጥሬ "ጉጠት" የተባልኩ ሰውዬ በአንድ ክር ልዋረድ?

ጥርሱን በቁራጭ ቆዳ ጠቅልዬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አንቺን የምታህል ልጅ ናት። "ይኸው፣ ቦታው ላይ መልሺልኝ" አልኳት። አገላብጣ አየችውና፣ "አባባ፣ ጥርሱ እኮ ጤነኛ ነው" አትለኝም!

"ጤነኛ ከሆነ ምን ሊሠራ ወጣ?"

"የታመመው ጥርሱን የያዘው ነገር ነው።"

ጥርስ አጥንት ላይ እንደ ሚስማር የተመታ አይደለም አለች፤ በቀጫጭን ክሮች ታስሮ ነው የሚቆመው። ክሮቹን የሚሠሩ፣ የተበጠሰውን የሚቀጥሉ፣ በዓይን የማይታዩ ሴሎች አሉ። ጥርስ ሥር ቆሻሻ ሲጋገር፣ ድዱም ተቆጥቶ ሲከርም ግን እነዚያው ሴሎች ይለወጣሉ። ጥገናውን ትተው አጥንት የሚያፈርሱትን ይጠራሉ።

"ሰፊው ራሱ ወስፌውን ጥሎ ምላጭ አነሳ በይኛ!"

"ልክ እንደሱ። ሲደማ ምን ያደርጉ ነበር?"

"እተወዋለሁ። የሚደማን ነገር ማን ይነካል?"

ራሷን ነቀነቀች። "መጽዳት የነበረበት እሱ ነው አባባ። ሲተዉት ነው ውስጥ ውስጡን የሚበላው። ልጅ አለዎት? በዘርም ይሄዳል።"

"አለችኝ" አልኩ።

"የእሷስ ድድ ይደማል?"

ንዴቴ እዚህ ላይ ነው። አላውቅማ! አባት ስለ ገዛ ልጁ ተጠይቆ እንደ መንገደኛ ጣራ ጣራ ይመልከት? እናትሽን ቀብረን ስንመለስ "ሱቁን ዝጋና እኔ ጋ ኑር" አልሽኝ። እኔም በሩ ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ "ካሁን በኋላ ልጅ የለኝም" አልኩሽ። ስድስት ዓመት። ደብዳቤሽ ሲመጣ አነባለሁ፤ መልስ ግን አልጽፍም።

ቤት ገብቼ የላክሽውን ፎቶ ከግድግዳው አወረድኩት። ጓደኞችሽ ሁሉ ጥርሳቸውን ገልጠው ሲስቁ አንቺ ከንፈርሽን ገጥመሻል። እስከዛሬ "ኩራቷን እይ፤ በፎቶም ታኮርፈኛለች" እል ነበር። እናትሽም ኋላ ኋላ የምትስቀው አፏን በእጇ ሸፍና ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ብሩሽሽን ይዘሽ እያለቀስሽ መጣሽ፤ ደም ነበረበት። "የሚደማውን አትንኪው፣ ራሱ ይድናል" አልኩሽ። በሌላ ነገር ሰምተሽኝ የማታውቂ ልጅ፣ ያቺን ምክር ሰማሽኝ!

አሁን አዝሻለሁ። ይህ ወረቀት በደረሰሽ ማግስት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አፍሽን ክፈቺ። በእኔ ወጥተሽ እንዳትኮሪ። እኔም በየሳምንቱ ሄጄ እንደ አሮጌ ድስት እየተፈተግኩ ነው። የወጣው አይመለስም፤ የቀሩት ግን ይተርፋሉ ብላኛለች። መጀመሪያ መድማቱ አይቀርም፤ እያደር ይቀንሳል።

በሩ ላይ ያልኩሽ ልክ አልነበረም። ይኸው፣ ነካሁት።

የረገጥሽው ይለስልስልሽ፤ ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ ጥርስሽን ለሳቅ ያቆይልሽ።

አባትሽ፣
ጉጠት የነበረው

ሌላ ፎቶ ላኪ። ከንፈርሽን እንዳትገጥሚ።