ከጨርቁ የበረታው ክር፦ የወይዘሮ ቬልማ ዝዊከር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቬልማ ዝዊከር ከአባታቸው ከአቶ ኦቤድ ኒክል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ላቪንያ ሄም እ.ኤ.አ. በ1938 በኖቫ ስኮሺያ፣ ሉነንበርግ አጠገብ ባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ተወለዱ። በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ወላጆቻቸውን ለመርዳት ዓሣ ፋብሪካ ገቡ። ጣታቸው በጨው ውሃ ቢሰነጣጠቅም መርፌ ከእጃቸው አልተለየም። ስፌቱን ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸው፦ ወረቀት ባለ ስድስት ጎን ሆኖ ይቆረጣል፣ ጨርቅ ይለብሳል፣ ቁራጮቹ ጠርዝ ለጠርዝ በእጅ ይሰፋሉ፤ ወረቀቱ የሚወጣው ቁራጩ ዙሪያውን ሁሉ ጎረቤት ሲያገኝ ነው።

በ1958 ከአቶ ኤልዉድ ዝዊከር ጋር በሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ ሜርናን እና ካርማንን ወለዱ። አቶ ኤልዉድ ቀልደኛ ነበሩ። «ቬልማዬ፣ ደህናውን ጨርቅ ቆራርጠሽ መልሰሽ ትሰፊዋለሽ፤ መጀመሪያውኑ ምን አደረገሽ?» እያሉ ያስቋቸው ነበር። ይህ ሳቅ ዕድሜው አጭር ሆነ። በ1968 በተነሣው ማዕበል የጀልባቸው የመልህቅ ገመድ ተበጥሶ አቶ ኤልዉድ ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ቀሩ፤ አስከሬናቸውም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ቬልማ የሚበጠስ ነገር ማየት አይወዱም ነበር። ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። ደግ ነበሩ፤ እልኸኛም ነበሩ፤ ዛሬ ስለተለዩን ብለን ይህን አንደብቅም።

ሜርና በ1983 ስታገባ የአልጋ ልብስ ሰፉላት። ለቀለሙ ከቀዩም ከሰማያዊውም ጨርቅ ጋር የሚስማማ ግራጫ ክር መረጡ፤ በዚህ አልተሳሳቱም። ለጥንካሬው ግን ቀጭኑን የጥጥ ክር ንቀው፣ የመረብ መጠገኛ ከሚሸጥበት ሱቅ የናይለን ክር ገዙ። እያንዳንዱን ስፌት ጨርቁን እስኪነክስ ድረስ አጠበቁት። «ይኼ እኔ ብሞትም አይበጠስም» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ክሩ አልተበጠሰም።

ከዓመታት በኋላ ሜርና የአልጋ ልብሱን ይዛ መጣች። ቁራጮቹ በየጠርዛቸው ተከፋፍተው ነበር። እናት በልጃቸው ፈረዱ።

«ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተሽው! እንዲህ ያለ ነገር ማሽን ውስጥ ይከተታል?»

«እማዬ፣ በእጄ ነው ያጠብኩት። ስሚኝ እንጂ!»

አልሰሟትም። ሜርና ልብሱን ወንበር ላይ ጥላ ወጣች፤ ብዙም ሳትቆይ ከባሏ ጋር ለሥራ ወደ አልበርታ ሄደች። ሁለቱም ቤት ስልክ ነበረ፤ የሚደውል ግን ጠፋ።

ልብሱ ሣጥን ውስጥ ተቀበረ። በ2017 የልብ ጓደኛቸው ወይዘሮ ሂልዳ ኮርከም ለቤተ ክርስቲያኑ የስፌት ማኅበር ጨርቅ ሲፈልጉ አገኙትና መስኮት ዳር ወስደው ገለበጡት።

«ቬልማ፣ ይኼን ማሽን አልቀደደውም። ክርሽ ነው የቆረጠው። ክር ከጨርቅ መድከም አለበት፤ ክር ቢበጠስ መልሰሽ ትሰፊዋለሽ፣ ጨርቅ ሲቆረጥ ግን ምን ታደርጊያለሽ?»

ወይዘሮ ቬልማ ያን ዕለት እህል አልቀመሱም። በማግስቱ ናይለኑን በመቀስ ጫፍ እየለቀሙ ልብሱን መፍታት ጀመሩ። ከተቆረጠው ጠርዝ ገባ አድርገው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በአነስተኛ ወረቀት ላይ እንደ አዲስ አለበሱ፤ በቀጭን የጥጥ ክር፣ ሳያጠብቁ፣ ከላይ በማይታይ ስፌት ያያይዙት ጀመር። ካርማን «እማዬ፣ ደውይላት በቃ!» ብሎ ለመናቸው። «ባዶ አፌን ይዤ? ሰፍቼ ልጨርስና እደውላለሁ» አሉት። ዓይናቸው ደከመ፤ ስልኩን ግን አላነሱም። ይህ ያሳዝነናል።

በየካቲት 2024 ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ቀኝ ጎናቸው ዛለ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። ሜርና በወንድሟ ጥሪ ደረሰች። ከአልጋው አጠገብ ያገኘችው ግን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተሞላ የሠርጓን የአልጋ ልብስ ቁርጥራጭ ነበር።

«ይህን ያህል ጠላሽኝ፣ እማዬ? ፈታትተሽ ጣልሽው?»

እናት እንባቸው እየወረደ፣ በግራ እጃቸው የጥጥ ክሩን አነሡ፤ ጫፉን በጥርሳቸው ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ተበጠሰ። እንደገና ሳቡት፤ ተበጠሰ። ከዚያ ጥቅሉን በልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩት። ስፌት ከእናቷ የተማረችው ሜርና የተሰፋውን ክፍል ገልብጣ አየችና ገባት። «ምነው አንድ ቀን ደውለሽ ብትነግሪኝ!» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ቀናት ልጅ ስትሰፋ እናት ተኝተው ያዩ ነበር።

ወይዘሮ ቬልማ መጋቢት 9 ቀን 2024 በተወለዱ በ86 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ልጆቻቸው ሜርና እና ካርማን፣ የልጅ ልጃቸው ቴሳ እንዲሁም ወዳጃቸው ወይዘሮ ሂልዳ በሐዘን ቀርተዋል። ባሕር ከነሣቸው ባለቤታቸው ጋር እግዚአብሔር በማዕበል አልባው ወደብ ያገናኛቸው፤ ለነፍሳቸውም ዕረፍትን ይስጥልን።

የአስከሬን ሣጥናቸውን ያለበሰው ያው የአልጋ ልብስ ነው። አላለቀም፤ የዳሩ ቁራጮች ወረቀታቸው ገና አልወጣም። የምትሸከሙ ወንድሞች ጠርዙን እንዳትስቡት ቤተሰቡ ይለምናል፤ ክሩ ቶሎ ይበጠሳል።