የሻምበል ሪዝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

መስኮት ወለወልኩ። ሁለት ካልሲ ጠቀምኩ። ሻምበል ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እየተከተለ ተኛ። ነጭ ድመት፣ ጀርባው ላይ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ፣ አፍንጫው ሥር ጥቁር ሪዝ። በሪዙ ምክንያት ማዕረግ የሰጠው ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማር። በሞተበት ዓመት ያመጣው... ከሱ የቀረኝ ትንፋሽ ያለው ነገር ይኸው ድመት ብቻ።

ከታች የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ እትዬ፣ ደረጃ ላይ አስቆመችኝ። ጥቁሯ ድመቷ ሆዷ ገፍቷል። "ካንቺ ሻምበል ከሆነ ውርድ ከራሴ" አለችኝ። ምን እላለሁ? ዝም አልኩ። ዝም ማለት እችልበታለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ወለደች። ሦስት። ያውም ለሙሽራ ቀሚስ በተቆረጠ ነጭ ሐር ላይ! አንዷ ባለ ሦስት ቀለም፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ። አንዱ ጥቁር ሆኖ እግሩ ብቻ ነጭ። ሦስተኛው ነጭ፣ ባለ ሪዝ። "ወንድ ነው" አለች እትዬ። በምን አወቅሽ ስላት "ሪዝ አለው አይደል?"

ለሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር ከሰሰችኝ። እሑድ ስብሰባ አለ። ጥያቄዋ ሻምበል ከሕንፃው ይውጣ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አገኘሁ። ስለ እንስሳት ፀጉር ቀለም። የላም ቡራቡሬ፣ የነብር ዥጉርጉር፣ ሁሉም አለ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ ብቻዬን፣ ከጋዜጣ ላይ ነው፤ አሁንም ከበድ ሲለኝ ጣቴን አስቀድማለሁ።

ገጽ አርባ አንድ። ቀይ ድመት ቀይነቱን ለሴት ልጆቹ በሙሉ ያወርሳል፤ ለወንዶቹ አይሰጥም። ጥቁር እናት ባለ ሦስት ቀለም ሴት ከወለደች፣ አባትየው ቀይ ነው ማለት ነው። ሻምበል ላይ ደግሞ አንዲት ቀይ ፀጉር የለም! በሕንፃው ያለው ቀይ ድመት... የሊቀመንበሩ።

ሻዬ ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል። ሳነብ አልሰማም። ጣጣዬ ይኸው ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

መጽሐፉን ይዤ ቆምኩ። ገጽ አርባ አንድን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላቸው። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ሊቀመንበሩን አየ። እሳቸው ዞረው መስኮቱን አዩ። ቀዩ ድመታቸው መስኮቱ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይልሳል።

እትዬ የባለ ሪዙንስ ነገር ብላ ጠየቀች። የነጠብጣብ ቦታ በአጋጣሚ ነው ይላል መጽሐፉ፣ አልኳት። ይላልም። ሊቀመንበሩ ጉዳዩ "ለተጨማሪ ጥናት" ይቆይ ብለው ስብሰባውን በተኑ። ሻምበል ነፃ ወጣ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ለአራሷ ሥጋ ይዤላት ወረድኩ። ባለ ሪዙን አነሳሁት። ጅራቱን ገለጥ አደረግኩ... አስቀመጥኩት... እንደገና አነሳሁት።

ሴት ናት።

ቀይ አባት ቢኖራት ቀይ በኖራት። የላትም። ቤቴ ገብቼ ገጹን ገለበጥኩ። አርባ ሁለት፦ የአንድ ጊዜ ግልገሎች ሁለት አባት ሊኖራቸው ይችላል።

ምነው አርባ አንድ ላይ በቆምኩ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ብናገር ሻምበልን ያስወጡብኛል። ዝም ብልስ? አንዴ ዝም ብዬ አይቼዋለሁ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ውኃ ጠፍቶ ነበር። ቧንቧውን ከፍቼ ሳነብ ውኃው መጣ፤ አልሰማሁም። በእትዬ ጣሪያ አልፎ ስፌት መኪናዋ ላይ ወረደ። እየጮኸች ስትመጣ ባለቤቴ ቀደመኝ፤ "የረሳሁት እኔ ነኝ" አላት። ከዚያ ወዲያ ስሙ አቶ ጎርፍ ሆነ። "አቶ ጎርፍ፣ እንዴት አደሩ?" ቀብሩ ላይ እንኳ እያለቀሰች "አቶ ጎርፍ ሄዱብን" አለች። እኔ? ዝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ወረድኩ። እትዬ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ትሰፋለች። አርባ ሁለትን አነበብኩላት። ባለ ሪዟ ሴት መሆኗንም ነገርኳት። አፌ አንዴ ከተከፈተ ብዬ ቧንቧውንም ጨመርኩ።

መርፌውን አውጥታ ሳቀች።

"አንቺ ልጅ፣ እሱን እኮ ባልሽ በሳምንቱ ነግሮኛል። 'ከተወቀሰች ማንበቧን ትተዋለች፤ ስሙን እኔ ልሸከመው' አለኝ።"

"ታዲያ ለምን አቶ ጎርፍ ትይው ነበር?"

"ደስ ይለው ነበራ።"

አለቀስኩ። እንባዬን እንድጠርግበት የሐሩን ቁራጭ ሰጠችኝ፤ ለሌላ ነገር አይሆንም ብላ። ሻምበል ይውጣ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"የልጅ አባት ወዴት ይወጣል? ይልቅ ቀለብ ይቁረጥ። ሊቀመንበሩም ይቁረጡ።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ባለ ሪዟ ዛሬ ወደ እኔ መጣች። ሻምበል አሽትቷት ጀርባውን ሰጣት። አባት ተብዬው! ስሟን ወይዘሮ ጎርፍ አልኳት።

ቧንቧውን ከፍቼ መጽሐፌን ያዝኩ። ስለ ቀጭኔ ነው። ከታች እትዬ የሚንጠባጠበውን ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት እየመታች "ወይዘሮ ጎርፍ!" አለች።

እኔም ባለ ሪዟም ቀና አልን።