ቅጣው ያልወጣበት ቃሬዛ

ደሃና፣ ኅዳር 27 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለትእዛዙ፣
ገዳሪፍ

እንዴት ከርመሃል ልጄ? ወገብህንስ ተሻለህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ላሟ ወልዳለች፤ ገብሱም ዘንድሮ አልከፋም። የደህናው ወሬ እንግዲህ እዚህ ላይ አበቃ።

ይህን ደብዳቤ ብቻህን ሆነህ አንብበው። እስከ ዛሬ የላክሁልህን ሁሉ የሚጽፍልኝ መምህሩ ነበር፤ የዛሬው በገዛ እጄ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀምኩት ፊደል ጠማማ ቢሆንብህም ታገሰኝ። ይህን ነገር መምህሩ ፊት ቁጭ ብዬ ላስጽፈው አልችልም።

ምንዋጋው ከአንተ ዘንድ ተመልሶ ሁሉንም ነገረኝ። ለገና አገሬ እገባለሁ፣ ቅጣውንም ሳልደፋው አልመለስም ብለሃል አሉ። ጠመንጃም ገዝተሃል አሉ። ይህን እንደሰማሁ ወረቀት ፈልጌ ተቀመጥኩ። ምንዋጋው ነገ ማለዳ ወደ ሱዳን ስለሚመለስ ደብዳቤውን ለእሱ እሰጠዋለሁ። ከመነሳትህ በፊት እንዲደርስህ እመብርሃንን እየለመንኳት ነው።

መጀመሪያ የዛሬ ሳምንቱን ሰኞ ልንገርህ።

የቅጣውን ሚስት ምስራቅን ታውቃታለህ። ቅዳሜ ማታ ምጥ ያዛት። ሰኞ ረፋድ ላይ ቅጣው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ደጄ ድረስ መጣ። አራት ዓመት ሙሉ ደጄን ረግጦ አያውቅም። "እመት ጥሩአየሁ፣ ስለ ማርያም" አለና ወደ ቤቱ ጠቆመኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ተከተልኩት። ምስራቅን ስዳስሳት ልጁ አልወርድ ብሏል። እሷም ጉልበቷ አልቋል። አንዲት ደቂቃ አልቆየሁም፤ ወጥቼ የቃሬዛ ማኅበሩን ጥሩምባ ነፋሁ።

ወንዶቹ ከየአውድማው መንሻቸውን እንደያዙ ሮጠው መጡ፤ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። መቼም ጥሩአየሁ ነፍታ የሚቀር የለም። የማን ቤት መሆኑን ሲያዩ ግን ቀጥ አሉ። ቃሬዛው መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ የሚያነሳው የለም።

"ምን ትጠብቃላችሁ? አልጫ ሁላ!" ብዬ ጮህኩ።

የማኅበሩ ዳኛ ገብረ አምላክ ወደ ፊት ወጣ። የልጅነት ጓደኛህ አይደል፣ ዛሬም ስምህን ሲያነሳ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። "እመት ጥሩአየሁ፣ ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት" አለኝ። "ለቃሬዛ ያልወጣ፣ ምትክም ያላቆመ፣ ለቤቱ ቃሬዛ አይወጣም። ቅጣው ሲባረር ብይኑን ያነበቡት እርስዎ ነዎት። ትእዛዙ ነገ ቢመጣ በየትኛው ዓይናችን እናየዋለን?"

"እኔ ካወጣሁት እኔ ሽሬዋለሁ!"

"ብቻዎን አላወጡትም። ሁላችንም አሻራ አድርገንበታል።"

ውስጥ ምስራቅ በኽምጣኛ እናቷን ትጣራለች። ድምጿ እየሰለለ፣ እየሰለለ ሄደ። ልጄ፣ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ከሚስትህ ከባንቺ ሰምቼዋለሁ።

ለመንኳቸው። ሰደብኳቸው። በሰባ ሰባት አጥሚት እየዞርኩ ያጠጣኋችሁ፣ ምንጩን ያስጎለበትኩላችሁ፣ ግማሻችሁን ከእናታችሁ ሆድ የተቀበልኳችሁ እኔ አይደለሁም ወይ አልኩ። ንቅንቅ የሚል ጠፋ። "እኛ እኮ ለእርስዎ ክብር ብለን ነው የማናነሳው" አለኝ ገብረ አምላክ። ለእኔ ክብር ሲባል አንዲት ሴት ልትሞት ነው።

እና ተናገርኩ። ከአንተ በፊት ለእነሱ መናገሬ ያንገበግበኛል፤ ግን ጊዜ አልነበረም።

ባንቺን ምጥ የያዛት እንደነገርኩህ ቅዳሜ አይደለም። ሐሙስ ማታ ነው። አንተ ለቀን ሥራ ሰቆጣ ሄደህ ነበርና አላየህም። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ "እማ፣ ቃሬዛው ይጠራልኝ" አለችኝ። "ምን ያስቸኩልሻል፣ የመጀመሪያ ልጅ እንዲህ ነው" አልኳት። ቀትር ላይ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ደግማ ለመነችኝ። እኔ ምን አስብ ነበር መሰለህ? የአገሩን ልጅ ሁሉ ያዋለደች ጥሩአየሁ የገዛ ምራቷ ብታቅታት ጥሩምባ ነፋች ይሉኛል፣ ያንን ነበር የማስበው። ወይ እኔ! ጥሩምባውን የነፋሁት ቅዳሜ ረፋድ ነው። ያኔ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ተገልብጦ ነበር። ወንዙ ዳር ነፍሷ ስትወጣ ቀያሪ አጥተው የተሸከሟት አራት ሰዎች ናቸው። ስምንትም ቢሆኑ፣ ሃምሳም ቢሆኑ አትተርፍም ነበር።

አንተ በማግሥቱ ደርሰህ "ማነው የቀረ?" ብለህ ጠየቅኸኝ። "ቅጣው" አልኩህ። መቅረቱንስ ቀርቷል፤ ምትክ ሳያቆም ፍየል ሊሸጥ ኒሯቅ ገበያ ወርዶ ነበር። ያ ጥፋቱ ነው። ጥሩምባውን ግን ኒሯቅ ሆኖ በምን ጆሮው ይስማው? ይህንን አውቅ ነበር። መጥረቢያ ይዘህ ስትወጣበትም፣ ሽማግሌ መሀል ሲገባም፣ አገር ለቀህ ስትሄድም አውቅ ነበር። ዝም አልኩህ። ይባስ ብዬ ከማኅበሩ አስወጣሁት፤ በእሱ ላይ በጮህኩ ቁጥር የእኔ ነገር ተዳፍኖ የሚቀር መስሎኝ።

ይህን ሁሉ በምስራቅ ደጅ ቆሜ ተናገርኩ። ቅጣው ድንጋዩን ከአንገቱ አወረደ፤ ፊቱን ግን ወደ እኔ አላዞረም። ገብረ አምላክ አፍጥጦ አየኝ፣ አየኝና "ለእርስዎ ብለን አይደለም" አለ። ጎንበስ ብሎ የቃሬዛውን አጣና ጨበጠ። ሌሎቹም ጨበጡ። ቅጣው ከፊት ገባ።

አምስት ሰዓት መንገድ ከኋላ ከኋላ እያነከስኩ ተከተልኩ። "ደከመዎት ወይ?" ያለኝ አንድ ሰው የለም። ድሮ ቢሆን በቅሎ ይፈለግልኝ ነበር። ወንዙ ጋ ሰው ለመቀያየር ቃሬዛውን አወረዱት፣ ልክ ባንቺን ያወረዷት ቦታ። ጆሮዬን ጥዬ ሳዳምጥ ምስራቅ ታቃስታለች። "አንሱ፣ አንሱ!" አልኩ። አነሱ።

ሲመሽ አምደ ወርቅ ጤና ጣቢያ ደረስን። ልጁን በመሣሪያ ስበው አወጡት። ወንድ ነው። ሁለቱም ተረፉ። ቅጣው መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ስንቱን ቤት እልል ያስባልኩት ሴትዮ ቀርቤ እንኳን ማርያም ማረቻት ለማለት አፍ አጣሁ።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ቅጣውን መለሱት። ከእኔ ሃያ ዓመት የያዝኩትን ጥሩምባ ተቀበሉኝ። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ቶሎ ቶሎ ይሄዳሉ። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ልጄ፣ ያንን ጠመንጃ ሽጠው፣ ስበረው፣ እንደ ፍጥርጥርህ አድርገው። ቅጣውን ግን በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ እንዳትነካው። ልጁ ዛሬ ሳምንቱ ነው፤ ክርስትና እንኳ አልተነሳም። ማረኝ የምልበት ፊት የለኝም። አራት ዓመት በሰው አገር ፀሐይ ሰሊጥ ያሳጨድኩህ እኔ ነኝ። ግን ና። ለመርገምም ቢሆን ና፤ እርግማኑን ከአፍህ ልስማው።

የድንግል ማርያም ጥላ አይለይህ። የበረሃውን ወባ፣ የመንገዱን ሽፍታ ታርቅልህ። ከሚያሳስትህ ወሬ ትሰውርህ፣ የእኔንም ወሬ ጨምሮ።

ደም ካላየሁ አልረካም ካልክ ደግሞ የምትፈልገው ሰው እኔ ነኝ። ቤቴን ታውቀዋለህ። ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ።

የወለደችህ
ጥሩአየሁ