ከአንድ ጣቃ፣ ለየልካችን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ሸዋረጋ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የጦሳ ተራራ ብርድ እንደ አምናው ያስነክስሻል ወይስ ዘንድሮ ማረሽ? ጋሼ አምሃን ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ፣ ያ እኔን ሲያይ ብቻ የሚጮኸው ውሻችሁስ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ለናፍቆቱ ግን እዚህም አገር መድኃኒት አልተገኘለትም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ወድጄ አይደለም። አንቺ ስልኩን ለቤተሰቡ ሁሉ ጮክ አድርገሽ ስለምታሰሚው፣ የእኔና የይርጋ የትዳር ነገር በማግስቱ ፒያሳ ይደርሳል።

ባለፈው «የአባባን የስፌት መኪና ወደ በረንዳ አውጥቼ አልጋ ዘርግቼልሻለሁ፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ» ስትዪኝ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ያ ክፍል ከነጠመኔው ሽታ መጣብኝ፤ እኔና አንቺ ከመኪናው ሥር ተቀምጠን ቁርጥራጭ ጨርቅ ስንሻማ፣ አባባ በእግሩ ገፋ እያደረገን ሲስቅ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይርጋን ትቼ ለመምጣት ቆርጬ ነበር። ይርጋ እናቱ ከሞቱ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ከኤርፖርት ሥራው ይመጣል፣ ይበላል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጣል። እኔም የጠላኝ መሰለኝ።

የቤተሰብ ሐኪማችን ናት ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ የላከችን። ይርጋ እብድ ነን እንዴ ብሎ ተቆጣ፤ ቀጠሮውን፣ እዚህ ቴርሚን የምንለውን፣ የያዘው ግን ራሱ ነው።

ብቻችንን የሄድን እንዳይመስልሽ። ባልና ሚስት ያለ ሽማግሌ እንዴት ይቀርባል ብለን ጋሽ ዘርኣማርያምን ይዘን ሄድን። የአስመራ ሰው ናቸው፤ ዚንድሊንገን ሰፈር ባለው ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ አማርኛቸው ከእኛ የጠራ፣ የዚህ ከተማ ሐበሻ ጠብ ሁሉ በእጃቸው ያለፈ። ከረባታቸውን አስረው መሀላችን ተቀመጡ። እኔ እንደ ወጉ ተነሥቼ ለእሳቸው ክሴን አሰማሁ፤ ይርጋም ተነሥቶ ለእሳቸው መለሰ። ፍራው ቬበር፣ ባለሙያዋ ማለቴ ነው፣ ስታየን ቆየችና እስካሁን አንዳችሁ ወደ ሌላችሁ አልዞራችሁም አለች። ከዚያ ጋሽዬን ውጭ እንዲጠብቁ በትሕትና ለመነቻቸው። ኮሪደሩ ላይ የውሻ ፎቶ የሞላበት መጽሔት ሲያገላብጡ ቆይተው፣ ስንወጣ በማን ፈረደች ብለው ጠየቁን። በማንም ስንላቸው፣ «ታዲያ ምን ልትሠራ ተቀመጠች?» እያሉ እስከ ባቡሩ ድረስ አጉረመረሙ።

እሷ ግን ሥራዋን ጀምራ ነበር። ለየብቻ ቀጠረችን። ይርጋ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አፉ እንደሚዘጋ ስላየች፣ እሱን ሽቫንሃይም ሰፈር ወንዙ ዳር እያራመደች ታወራዋለች። እኔን ደግሞ አስቀምጣ ወሬዬን ታዘገየዋለች። ታውቂኝ የለ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ሳነሣ ቆም ታደርገኝና፣ አንቺስ ያኔ ምን ተሰማሽ ትለኛለች። ይርጋ ምን እንዳላት ላወጣጣት ብሞክር፣ የእሱ የእሱ ነው ብላ ከደነችው። ለምን ሁለታችንን አንድ ዓይነት አትይዢንም ብላት፣ ሁለት ሰዎች ናችሁ፣ ትዳራችሁ ደግሞ ሦስተኛ ነው፣ ለየአንዳንዱ የሚስማማው ይለያያል አለችኝ። ወዲያው አባባ ትዝ አለኝ። ለሙሽሮች ከአንድ ጣቃ ሲቆርጥ እንኳ ሁለቱንም ለየብቻ ሳይለካ መቀሱን አያነሣም ነበር። ጨርቁ አንድ ነው፣ ትከሻው ግን ለየቅል ነው ይል አልነበር?

በኋላ አንድ ላይ ጠራችን። ወንበሮቹን ፊት ለፊት አዙራ፣ በጀርመንኛ አትድከሙ፣ በቋንቋችሁ ተነጋገሩ፣ ባይገባኝም ፊታችሁን አያለሁ አለችን። ይርጋ የእናቱን መርዶ አነሣ። ያን ሰሞን ቤታችን በለቀስተኛ ሞልቶ እሱ ከወንዶቹ ጋር፣ እኔ ኩሽና ነበርን።

«ሰዉ ሲወጣ አጠገቤ ትቀመጫለሽ ብዬ ስጠብቅሽ ነበር» አለኝ።

እኔ ደግሞ ሳህን እያጠብኩ እሱ እንዲጠራኝ ስጠብቅ ነበር። ነገርኩት። ለእናቱ እዚያው ተላቀስን፣ እትዬ። ፍራው ቬበር አንዲት ቃል ሳይገባት ሶፍት አቀበለችን።

ሁሉም ተስተካከለ አልልሽም። ዝም የሚልበት ቀን አሁንም አለ። ያኔ ጃኬቱን አቀብለውና ወደ ወንዙ እንወጣለን፤ ልጃችን ቤዚ ከኋላችን በጀርመንኛ እየተነጫነጨች። ባለፈው እሑድ ምን አጫወተኝ መሰለሽ? ያኔ ሳንጋባ እኔን ለማየት ልኩ የሆነውን ሱሪ ሰፋኝ እያለ አባባ ጋ ሲመላለስ፣ አባባ ገብቶት ኖሮ መርፌ ሳያስነካው አጣጥፎ ይመልስለት ነበር አሉ! ይኼን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አልነገረኝም።

እንግዲህ እትዬ፣ አልጋውን አውጪና የአባባን መኪና ወደ ቦታው መልሺልኝ። በክረምት ስንመጣ እንግዶች ነን፤ ሦስታችንም ፍራሽ ዘርግተን ከመኪናው አጠገብ እንተኛለን። ይርጋ ያንን ሱሪ ይዞ እመጣለሁ ብሏል። ዛሬስ ጠብቦት እውነትም መርፌ ያስፈልገዋልና አንቺ ታሰፊለታለሽ።

ጋሼ አምሃን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ማር በሎሚ አይርሳ። ልጆቹን በየተራ እቀፊልኝ፤ ጎረቤቶቹንም ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ ውሻውንም ይቅር ብዬዋለሁ። ይርጋ እጅ ነሥቷል። ቤዚም አክስቴን ሳሙልኝ ብላለች፣ በአማርኛ። ጋሽ ዘርኣማርያም ሳያውቁሽ ሰላም ይሉሻል፤ በማን እንደተፈረደ አሁንም ይጠይቁናል።

እህትሽ እታለም
ፍራንክፈርት፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፪ ዓ.ም.