በሩን በመክፈቴ ስለተሰጠኝ የምስጋና ወረቀት

ለተከበሩ የሕዝብ ሣር ሜዳዎች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ የመኪናዎ ጎማም እንደ ወትሮው ታጥቦ ያደረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እኔ የታችኛው ሜዳ የበጎ ፈቃድ በር ጠባቂ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ ፊደል የለየሁት የሱቅ ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ በዚህ ደብዳቤ ከአክብሮት የጎደለ ቃል ቢያገኙ ጥፋቱን በጋዜጦቹ ያሳብቡልኝ። የሰፈሩ ሰው በስሜ አይጠራኝም፤ «አባባ አይሆንም» ነው የሚለኝ። ከብቴን ላስገባ ያለውንም፣ ኳስ ልጫወት ያለውንም፣ ሙሽሮች ላንሣ ብሎ የመጣውን ፎቶ አንሺም በዚያች በአንዲት ቃል ስመልስ ስለኖርሁ ነው። በዚህ ስም እኮራ ነበር። «ነበር» ማለቴን ልብ ይበሉልኝ።

ባለፈው ሳምንት ጽሕፈት ቤትዎ «የክብር እንግዶችን በቅንነት ስላስተናገዱ» የሚል፣ በመስታወት የተከደነ የምስጋና ወረቀት ላከልኝ። በዚያው ቀን፣ ለጀማሪ ባለሙያዎች በሚሰጠው የአንድ ዓመት ፌሎሺፕ ወደ ሜዳችን የመጣችው ወጣት፣ ሁለተኛው ዓመት እንደማይታደስላት የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት። እኔን ያስመሰገነኝም እርሷን ያስባረራትም አንዱ በር ነውና፣ ምስጋናዬን ከዚህ እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. እንዲህ ያለች ልጅ ስለላኩልን አመሰግናለሁ፤ ሲልኩልን ምን እንደላኩ ያወቁ አይመስለኝም። ከገመድ ጋር ስለማትለያይ ሰፈሩ «ባለገመዷ» ይላታል። ሜዳውን በሦስት ከፈለችው፤ አንዱ ለከብት፣ አንዱ ለተዝናኝ፣ አንዱ ደግሞ በተራው የሚያርፍ። እኔ እንደ ልማዴ ተቃወምሁ። «ሣር ምን ሠርቶ ደክሞት ነው የሚያርፈው?» አልኋት። አልተከራከረችኝም። «አባባ፣ አንድ ክረምት ብቻ ይታገሡኝ» ብላ በሩ አጠገብ አልጋ የሚያህል ቦታ በገመድ አጠረች። ክረምቱ ሲያልቅ በገመዱ ውስጥ ያለው ሣር ጉልበቴ ደረሰ፤ ከገመዱ ውጭ ያለው ግን የእኔን መላጣ መሰለ። በቀላሉ የምረታ ሰው አይደለሁምና «ዝናቡ አድልቶልሽ ነው» አልኋት። ሆዷን ይዛ መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ የሚያርፈውን ክፍል ቁልፍ የያዝሁት እኔ ነኝ። ያስተማረችኝ ሕግም አጭር ነበር፤ መሬቱን በተረከዝህ ረግጠህ፣ በኮቴህ ውስጥ ውሃ ካቆረ፣ በሩ ለማንም አይከፈትም።

፪ኛ. ከዋናው መሥሪያ ቤት ለመጡት እንግዶች ስላሳዩት መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ልጅቱ ለመዝናኛ በተመደበው ክፍል ጥላና ወንበር አዘጋጅታ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ሲቀመጥበት የከረመ ሣር መልኩ ለፎቶ አልሆነልዎትም፤ «ለምለሙ ጋ ይሁን» አሉ። ለምለሙ የለመለመው ማንም ስላልገባበት ነበር፤ እርስዎም የገቡበት ስለለመለመ ነው። ሣሩን ዐይቶ ገደሉን ባላየው በሬ ስንተርት ኖረናል፤ ከእንግዲህ ለበሬው ይቅርታ መጠየቅ ይኖርብናል።

፫ኛ. ይህን ቁጥር መጻፍ ከብዶኝ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ ተነሥቻለሁ። ልጅቱ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ከመኪናዎ ፊት ቆመች። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ጌታዬ፣ መሬቱ ውሃውን ገና አልመጠጠም፤ በዚያኛው በኩል ተዘጋጅቷል» አለችዎት። ሾፌርዎ ክላክሱን ነፋ። እርስዎ ግን መስኮቱን ዝቅ አደረጉና እርሷን አልፈው እኔን ተመለከቱኝ፤ «አባት፣ እስቲ እርስዎ ይክፈቱልን» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ በጽሕፈት ቤቶች ኮሪደር ቆሜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። «አንተ ሰውዬ»፣ «ሽማግሌው»፣ «ነገ ተመለስ» ተብያለሁ። ከመኪና መስኮት «አባት» ያለኝ ባለሥልጣን ግን እስከዚያች ቀን አልነበረም። ዋጋዬ ይህን ያህል ርካሽ መሆኑን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ለሙሽራ ያልከፈትሁትን፣ ለገዛ ወንድሜ ላሞች ያልከፈትሁትን በር፣ ከልጅቱ ጀርባ ቁልፉን አዙሬ ከፈትሁት። ዞር ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ፣ በጥፊም ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። እርሷ ግን «አባባ፣ ገመዱን ላንሳው፤ ጎማ ላይ ይጠመጠማል» ብላ ጎንበስ አለች። መኪኖቹ ገቡ፣ ሰጠሙም። አንደኛው አልወጣ ሲል፣ ያን አልጋ የሚያህል ሣር ሾፌሮቹ ነጭተው ከጎማው ሥር ጎዘጎዙት። እኔም እያየሁ ቆሜ ነበር። የምስጋናው ወረቀት ይህን ሳይጠቅስ ቀርቷል።

፬ኛ. ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። የልጅቱን የሥራ ግምገማ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለለጠፉት አላፊ አግዳሚው ሁሉ አንብቦታል። በአንደኛው መስመር «የክብር እንግዶችን በር ላይ አቁማለች» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «በኃላፊነቷ ሥር ያለውን መሬት ከጉዳት አልጠበቀችም» ይላል። እንግዲህ በሩ ላይ ብትቆም ጥፋት፣ ከበሩ ብትነሣም ጥፋት ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ጀማሪ ባለሙያ የት መቆም እንዳለበት ከወዲሁ ቢነግሩት መልካም ይመስለኛል።

፭ኛ. በግምገማው ስብሰባ ላይ እኔንም ጠርተው የኋላ ወንበር ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ሰብሳቢው «በሩን ማን ከፈተው?» ሲሉ፣ ልጅቱ «የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ» ብላ መለሰች። ሽበቴን አፍራ እንደሆነ ገባኝ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞር ብለው «ውሃ ይፈልጋሉ አባት?» አሉኝ። ጠጣሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ይህ ደብዳቤ ዘግይቶ የመጣ ጩኸት መሆኑን አላጣሁትም። የልጅቱን አቤቱታ የሚያየው የይግባኝ ኮሚቴ ግን ገና ሰኞ ነው የሚቀመጠው። በዚያ ቀን የፊት ወንበር ላይ እገኛለሁ፤ ይክፈቱ ያሉት እርስዎ፣ የከፈትሁትም እኔ መሆኔን ቆሜ እናገራለሁ፤ ውሃም አልጠጣም። ልመናዬ አንድ ነው፤ በእርሷ ግምገማ ላይ የተጻፈውን ጥፋት ከእርሷ ላይ አንሥተው ለባለቤቶቹ ያካፍሉልን። ለእኔ ድርሻ ቦታ ቢጠብብዎ፣ መስታወቱን አውጥቼ የምስጋናውን ወረቀት መልሼልዎታለሁ፤ ጀርባው ባዶ ነው፤ ይበቃል። ይህንንም ደብዳቤ፣ የእርስዎን የግልጽነት አርአያ በመከተል፣ ከግምገማዋ ጎን ለጥፌዋለሁ።

ለሁሉ የዘጋውን በር ለእርስዎ ብቻ የከፈተው፣
ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈርተኛው «አይሆንም» ብሎ ሲጠራው ቀና ማለት የተሳነው፣
ታዛዥ አገልጋይዎ፣ የታችኛው ሜዳ በር ጠባቂ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ልጅቱ እንደነገረችኝ፣ ማንም ካልገባበት ሜዳው በሦስት ዓመት ያገግማል። እኔ እስከዚያ በሕይወት መቆየቴን እጠራጠራለሁ፤ እርስዎም እስከዚያ በሹመት ወደ ሌላ ሜዳ ሳይዛወሩ አይቀሩም። ከሦስታችን መሃል እዚያው ተገኝታ ሣሩ ሲበቅል ማየት የምትችለውም የምትፈልገውም እርሷ ብቻ ስለሆነች፣ መጀመሪያ እርሷን ማሰናበትዎ አስተዳደራዊ ብልህነትዎን ይመሰክራል።